ለፒክአፓችን የመረጥኩት የዝናብ መከላከያ

ይስማውዬ፣

ያለህበት አገር ዝናብ ይኑረው አይኑረው አላውቅም፤ እንጅባራ ግን ሐምሌ ገብቶ ፀሐይ ካየን አሥራ አንድ ቀናችን ነው። አንተን ከቀበርንህ ደግሞ ዘጠኝ ወር ሞላ። ኩላሊቱን ነው ተብለህ ባሕር ዳር ስናመላልስህ ከርመን፣ መስቀል በዋለ በሦስተኛው ሳምንት ጥለኸኝ ሄድክ። ያን ጊዜ ቤቱን ለቅሶ ደራሽ ሞልቶት ስለነበር ብቻዬን መቅረቴ አልገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ።

ልጃችን ቅድስት ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ከሄደች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማው ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ነው። ለአንድ ሰው ምሳ መሥራት እንዴት እንደሚያስጠላ! ድስቱ ሁሉ ትልቅ ሆነብኝ። አንዳንዴ ሬዲዮ ከፍቼ እከራከረዋለሁ፤ እሱም እንዳንተው የራሱን ያወራል እንጂ የእኔን አይሰማም።

ፒክአፗን አልሸጥኳትም። ደላሎቹማ አርባህ ሳይወጣ ጀምረው ተመላልሰውብኝ ነበር፤ ሴት ልጅ ፒክአፕ ምን ያደርግላታል እያሉ። መንጃ ፈቃዴን አውጥቼ አሳየኋቸው። ስታስተምረኝ ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር በስመ አብ ትል የነበርክ ሰውዬ፣ ይኸው አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ከአዲስ ቅዳም ድንች እየጫንኩ እንጅባራ አራግፋለሁ። የምትቀመጥበትን ትራስ ግን አንስቼዋለሁ፤ አትቆጣ። አንተ መንገዱን ለማየት ትራስ ያስፈልግህ ነበር፣ እኔ በዚያ ላይ ብቀመጥ ጣሪያውን ነው የምበሳው። በሠርጋችን ቀን ሙሽራው በርጩማ ላይ ይቁምልን ያሉንን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አሁን የምጽፍልህ ስለ መስኮቱ ነው። አንተ በዝናብም በፀሐይም መስኮቱን ዝቅ አድርገህ ነበር የምትነዳው። ማታ ስትገባ ግራ ትከሻህ እንደራሰ ነው። ካፖርትህን ሳጥብ የግራው ትከሻ ከቀኙ ነጥቶ አየው ነበር። የዝናብ መከላከያ አስገጥም፣ ያቺን ከመስኮቱ አናት ላይ የምትደረገዋን፣ እያልኩ ስንት ክረምት ነዘነዝኩህ! መኪናዬ ቆብ አታደርግም እያልክ ትስቅብኛለህ። ለካ ያ ሁሉ መራስ ሰላምታ ለመመለስ ኖሯል። ከእንጅባራ እስከ አዲስ ቅዳም፣ ለከሰል ከሚተከለው ከዲከረንሱ ዛፍ ጫካ ከሰል ተሸክሞ የሚወጣው፣ ገበያ የሚወርደው፣ ማሳው ዳር የቆመው ሁሉ እጁን ያነሳልሃል፤ አንተም እያንዳንዱን በስሙ እየጠራህ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በአገውኛ ትመልሳለህ። እኔ ከጎንህ ተቀምጬ፣ ይሄ ሰውዬ ለምርጫ ሊወዳደር ነው እንዴ እል ነበር።

እኔ ደግሞ ክረምቱ ሲገባ መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ መንዳት ያዝኩ። የፊቱ መስታወት ያልበኛል። በአንድ እጄ በጨርቅ እየጠረግሁ በሌላው መሪ እይዛለሁ። ማን እንደቆመ አላይ፣ ማን እንደጠራኝ አልሰማ፤ መንገዱን ካልሳትኩ ተመስገን ነው።

መዘዙ መጣ። አዲስ ቅዳም ልትገባ ስትል ከመንገዱ በላይ አፋፉ ላይ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ታደርሳቸው የነበሩት አያ ውቤ፣ በሰኔ ሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ እንዴት ዋሉ አባቴ ልል ስል ፊታቸውን አዙረውብኝ ሄዱ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ። እውነቴን ነው የምልህ፣ የሞትክ ቀን እንኳ እንደዚያ ብቸኝነት አልተሰማኝም፤ የሞትክ ቀን የሚደግፈኝ ሰው ነበር።

ነገሩን የነገረችኝ እህትህ እማዋይሽ ናት፤ እሷን መቼም ወሬ አያመልጣት። ሦስት ጊዜ እጃቸውን ቢያነሱልሽ እንዳላየ ሆነሽ አልፈሻቸዋል፤ አገሩ ሁሉ፣ መሪ ስትጨብጥ ሰው ረሳች፣ ባሏ ሲሞት ኮራች ይልሻል አለችኝ። እኔ ልኮራ! በምኔ? ቤቴ ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ባል ማጣት የእግዜር ነው፤ ሰው ማጣት ግን ቁሞ መሞት ነው። እጅ የማይነሳበት መንገድ ላይ ምን ብዬ እመላለሳለሁ? ደላላውን ልጥራና ትሸጥ፣ ከነመንገዱ ትቅርብኝ አልኩ። ስልኩንም አንስቼ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት፤ መጀመሪያ መስኮቱን ከፍቼ ልሞክር ብዬ። በማግስቱ ከፈትኩት፤ አዲስ ቅዳም ሳልደርስ ዝናቡ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ተመልሼ በቀጥታ የመኪና ጌጣጌጥ ቤት ሄድኩ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሼ ስገባ ባለሱቁ እርዳታ ልጠይቅ የመጣሁ መስሎት ኪሱን ዳበሰ። እኔ ግን ልብስ ስሰፋ እንደለመድኩት የመስኮቱን የላይ ጠርዝ ካርቶን ላይ ለክቼ፣ ቆርጬ ይዤ ነበር። ካርቶኔን አይቶ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ዕቃውን ሁሉ በዚያው ካርቶን እየለካ ወደ ጎን አደረገው። አንዱ ለባለ አራት በር ነው፣ አንዱ ጫፉ ይንጋደዳል። ሁለት ዓይነት ተረፈ። አንደኛው ጥቁር፣ መስታወቱ ከሚገባበት ጎማ ውስጥ ሰተት የሚል። ሁለተኛው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ከውጭ በሩ ላይ የሚለጠፍ፤ እሱ ደግሞ በሩ ደረቅ ካልሆነ አይዝም። በሐምሌ ደረቅ ነገር ከየት ይመጣል?

ይህን እያልን እማዋይሽ ደረሰች፤ ያየኝ ሰው ነግሯት ነው። ዓመቱ ሳይወጣ የወንድሜን መኪና ታስጌጫለሽ? ብላ ሱቁን አናወጠችው። ባለሱቁ ደንግጦ ጥቁሩን ሲያነሳላት ወዲያው በረደች። እንግዲያስ ጥቁሩ ይሁን፣ መኪናዋም ሐዘን ትቀመጥ አለች። ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ጥቁሩ በእውነቱ ለመግጠም ይቀል ነበር። ግን መኪናዋ ውስጥ ገብቼ አስለካሁትና ባለሱቁን፣ አያ ውቤ ከአፋፉ ቁልቁል እንደሚያዩኝ፣ የሱቁ ደረጃ አናት ላይ አቆምኩት። ምን ይታይሃል? አልኩት። አገጭዎ አለኝ። አንተ ብትሆን ከሥሩ ደህና አድርገህ ትታይ ነበር፤ የእኔ ቁመት ግን ዓይኔን ወስዶ ጥቁሩ ላይ ይደነቅረዋል። አገጭ እንዴት ብሎ ሰላም ይላል? ብርሃን የሚያሳልፈውን ስጠኝ አልኩ። እማዋይሽ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሳትሰናበተኝ ወጣች።

ሰፈራችን ካለው ወፍጮ ቤት ጣሪያ ሥር መኪናዋን አስገብቼ የበሩን ጠርዝ በጨርቅ አደረቅሁት። ቀጥሎ ባለሱቁ እንደመከረኝ በአረቄ ወለወልኩት። እማዋይሽ አኩርፋ መዋል መቼ ትችላለች፤ መጣች። ለሙት ዓመትህ ያወጣሁትን አረቄ መኪና በር ላይ ሳፈስ አይታ አማተበች። ትንሽ ቆማ ግን አንዱን ጫፍ ያዘችልኝ። እንዲጣበቅ በመዳፋችን ተጭነን ብዙ ቆየን። ወንድሜ ይሄን ቢያይ ምን ያህል ይስቅብን ነበር አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ እጃችንን ግን አላነሳንም።

ትናንት ቅዳሜ በዶፍ ወጣሁ። መስኮቱን አራት ጣት ያህል ዝቅ አደረግሁት። መስታወቱ ማላቡን ተወ፣ ትከሻዬም አልረሰም። አፋፉ ጋ ስደርስ አያ ውቤ የሣር ገሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። እጃቸው ተነሳ። ቆምኩና፣ እንዴት አደሩ አባቴ፣ ይውረዱ ላድርስዎ! ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ቶሎ ብለው ገሳው ሥር ደበቁት።

ወርደው ገቡ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። ልጄ፣ እኔ እኮ አንቺን አይደለም ሰላም የምለው አሉኝ። ይቺ መኪና ብቅ ስትል እጄ ራሱ ይነሳል፤ ስንት ዓመት የለመደ እጅ ነው። ካነሳሁት በኋላ ነው ይስማው እንደሌለ ትዝ የሚለኝ። በሚስቱ ፊት ለሞተ ሰው እጅ ማንሳት ምን ይባላል? ሐዘንሽን የቀሰቀስኩብሽ መስሎኝ አፍሬ ነው ፊቴን ያዞርኩት አሉኝ።

መንዳት አቃተኝ፤ ዳር ይዤ አቆምኩ። እኔ ነፈጉኝ ብዬ ያለቀስኩበት ሰላምታ ያንተ ነበር፣ ይስማው። ዘጠኝ ወር ሙሉ እዚያ መንገድ ላይ ሰው ሲጠብቅህ፣ አንተን የማስታውስህ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አልፍ ነበር፤ ክረምት ሲገባማ መስኮቱንም ዘጋሁባቸው። አያ ውቤን፣ አባቴ፣ እጅዎን አይደብቁብኝ፣ እንዳስለመድዎት ያንሱት፣ እኔ እመልስልዎታለሁ አልኳቸው።

ለአንተም ቃሌ ይኸው ነው። ቤት ስገባ አሁንም ማንም የለም፤ እሱን ማስተካከል አልችልም፣ እኖርበታለሁ። መንገዱን ግን አልተውብህም። የአንዳንዶቹን ስም ገና አላውቀውም፣ አገውኛውም ያስቸግረኛል፤ እጠይቃለሁ፣ እማራለሁ። ዛሬ በመኪናዋ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አምስት ሰው ሰላም ብሎሃል፤ ለሁሉም መልሼልሃለሁ።