ቡጢውን እስኪፈታ ድረስ ስለታገደው በሽተኛ

ለተከበሩ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ሲያምምዎት የነበረው ተረከዝ በድምፅ ሞገድ በሚያክመው አዲሱ የሾክዌቭ መሣሪያ እንደተሻለዎት በመስማቴ የተሰማኝን ደስታ እገልጻለሁ። በአደባባይ የምጽፍልዎትም መልካም ሥራዎ ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ባለቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ቀርቷል፤ ጥፍሩ መዳፉን አቁስሎታል፤ ጠዋት ጠዋት ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቅቄ ሳጥብለት ከንፈሩን ይነክሳል። ሐኪሙ ሞገዱ ጡንቻውን ሊያላላው ይችላል፣ ሳይደርቅ ይጀመርለት ብሎ ወደ እርስዎ ላከን። ለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው፦

1. መሣሪያው ዳንቴል ለብሶ፣ የፕላስቲክ አበባ ተደርጎለት በማየቴ ኮርቻለሁ። እንግዳ ሲመጣ ይገለጣል፣ በሽተኛ ሲመጣ ይሸፈናል።

2. ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ተራችን ሲደርስ፣ ባለሙያዎ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ሥዕል መሠረት እጁ ጠረጴዛው ላይ እንዲዘረጋ አዘዙ። ቀኙ አልዘረጋ ሲላቸው ግራውን አከሙት። ግራው ድሮም ደህና ነበር፤ አሁን ይበልጥ ደህና ሆኗል፤ እግዜር ይስጥልን።

3. ባለቤቴ አንደበቱ ስለተያዘ፣ የታመመው ይኼኛው ነው ለማለት ቀኝ እጁን እንደምንም ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ባለሙያዎ ግን ቡጢ ተሰነዘረብኝ ብለው ጥበቃ ጠሩ። ብቻውን ከወንበር መነሳት የማይችለውን ሰው ሁለት ጎረምሶች ተሸክመው ሲያስወጡት፣ ለሠራተኛ ደህንነት ያለዎትን ጥንቃቄ አደነቅኩ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ማልቀሴንም ይቅር ይበሉኝ፤ ወለሉ ገና መወልወሉ ነበር።

4. እርስዎም ቢሮዎ ተቀብለው አነጋግረውኝ፣ ባለቤቴ ቡጢውን ፈትቶ፣ ባለሙያውን ጨብጦ ይቅርታ እስኪጠይቅ ሕክምናው እንዲታገድ ወሰኑ። ቡጢውን መፍታት ቢችልማ ምን ልንሠራ እንመጣ ነበር?

ጣቶቹ እንደተቆለፉ ከደረቁ መቀስ መያዝ ቀረ ማለት ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ስለዚህ እግዱ ተነስቶ፣ ዳንቴሉም ተገልጦ፣ በታመመው እጁ ላይ እንዲታከምልኝ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እለምናለሁ።

ወንበርዎንና ተረከዝዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ።

አክባሪዎ፣ ታዛዥዎና ነገም ከደጅዎ የማልጠፋው፣
የቡጢኛው ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለባለቤቴ አነበብኩለት። ውሳኔዎ ላይ ስደርስ፣ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ፤ ቀጥሎም ያንን እጁን ወደ ቢሮዎ አቅጣጫ አነሳ። ባለሙያዎ ያን ቀን የከሰሱት በሐሰት ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ክሱ እውነት ስለሆነ፣ ይህን ደብዳቤ በማስረጃነት ሊያያይዙት ይችላሉ።