ያለ ታች ሰው

ሰኞ

ናስር፣ ጫማህን እኔ አድርጌዋለሁ፤ እንዳትቆጣ። የኔው በዝናብ በስብሷል። እማዬ በር ላይ አየችኝና ፊቷን አዞረች። ከቀበርንህ አሥራ ሰባተኛ ቀናችን ነው።

የታሪክ አስተማሪያችን፣ ሰው እርሻ ባይጀምር ኖሮ፣ እስከ ዛሬ እያደነና ፍሬ እየለቀመ ቢዞር ኖሮ ዓለም ምን ትመስል ነበር ብለው እስከ ሐሙስ ጽፋችሁ አምጡ አሉን። ኋላ የሚቀመጠው ሀብታሙ፣ “አቦ ቲቸር፣ ቻርጀር የሌለበት ዓለም ላይ እኔን አይቁጠሩኝ” አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ሰፈራችን ቦሳ ኪቶ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም፣ ፈተና የለም ብዬ ጀመርኩ። አንተ በወደቅክበት ቀን ፈተና ባይኖር ዛሬ ታላቅ ወንድም ይኖረኝ ነበር።

ማክሰኞ

ሦስት ገጽ ሞላሁ። በእኔ ዓለም ጅማ የለችም። አወቱ ወንዝ አለ፤ ድልድይና ፌስታል የለበትም። ቡናው ጫካ ውስጥ በቅሎ ይረግፋል፤ የማንም አይደለም። ሠላሳ ሰዎች ነን። የምንይዘው እሳት፣ ቢላ፣ ገመድ፣ በቅል ማር። የከበደ ነገር ይጣላል።

ሰው የሞተበት ቦታ አይታደርበትም። ሲነጋ ሁሉም ተነስቶ ይሄዳል፤ የሟቹም ስም አይነሳም። ይሄን ስጽፍ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ፈራሁ።

አባዬ ዛሬም አልጋህ እንዲወጣ አልፈቀደም። ሊያጽናኑት ለሚመጡ ሁሉ “አላህ የጻፈው ነው” ይላል። ቀጥሎ ግን ለምን ብቻውን ዛፍ ላይ ወጣ ብሎ ይጠይቃቸዋል። እኔንም ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት።

ረቡዕ

እውነቱን እዚህ ልጻፍ። ጌራ፣ አጎታችን አባ መጫ ጫካ ውስጥ፣ ቀረሮው ዛፍ ላይ ያሉትን ሁለት ቀፎዎች ልናወርድ ተቀጣጥረን ነበር። አንተ ወጥተህ ቀፎውን በመጫኛ ገመድ ታስራለህ፤ እኔ ታች ቆሜ መጫኛውን ይዤ ቀስ እያልኩ አወርዳለሁ። ያለ ታች ሰው ማንም አይወጣም፤ ሕፃን እንኳ ያውቃል። አባ መጫ የዚያን ቀን ቤት አልነበሩም። “ከፈተና በኋላ እደርሳለሁ፣ ጠብቀኝ” አልኩህ።

ፈተናው አራት ሰዓት ላይ አልቋል። ልጆቹ ኳስ ሊያዩ ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ደወልክ። አላነሳሁም። ሲመሽብህ የመጫኛውን ሌላ ጫፍ ወገብህ ላይ አስረህ ወጣህ። ቀፎው ማር ጠግቦ ነበር፤ ሲወርድ አንተንም ስቦ ጣለህ።

ስልክህ ተሰባብሯል። እንደደወልክልኝ ማንም አያውቅም።

ሐሙስ

አስተማሪው ጽሑፌን አንብበው በዕረፍት ሰዓት አስቀሩኝ። ጥሩ ነው አሉ፤ አንድ ነገር ግን አልገባቸውም። እግሩ የተሰበረ ሰው ቢኖር ምን ታደርጉታላችሁ አሉኝ። ጥለነው እንሄዳለን አልኳቸው።

“መጀመሪያ የሚሄደው ማነው?” አሉ።

ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁ።

አንዱ ቀፎ አሁንም ዛፉ ላይ ነው። ነገ ከጁምዓ በኋላ እሄዳለሁ። ለእማዬ አጎቴን ላግዝ ነው ብያታለሁ። መጫኛው ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከደብተሮቹ ሥር ነው። ማንንም አልጠራም።

ዓርብ

ጌራ ደረስኩ። አባ መጫ ነገ ጎህ ሳይቀድ ወደ አጋሮ ገበያ ሊወጡ ነው። “ቀረሮው ጋ እንዳትደርስ” አሉኝ። “ንቦቹ ከዚያ ቀን ወዲህ ክፉ ሆነዋል። ውሻዬን ገደሉት።” ቦርሳዬን አንስተው ሲያስቀምጡ ምን ጭነህ ነው አሉ። ደብተር ነው አልኳቸው። ትንሽ አዩኝ።

ቅዳሜ

ብቻዬን የሆንኩበት የመጀመሪያው ጠዋት። አባ መጫ ቂጣ ትተውልኛል፤ አልነካሁትም። ጫካው ጉም ለብሷል። ቀረሮው ቅርፊት ላይ እግርህ የላጠው ይታያል። የመጫኛውን ጫፍ ወገቤ ላይ አስሬ እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ ወጣሁ። ከላይ ንቦቹ እንደ ወፍጮ ቤት ያጉረመርማሉ። ወደ ታች አየሁ። ቅጠል፣ ሥር፣ ጭቃ። ሰው የለም። በመጨረሻ ያየኸው ይሄንን ነው፤ እኔ የሌለሁበትን መሬት።

ወረድኩ። ኔትወርክ እስካገኝ መንገዱ ድረስ ሮጥኩና ለአባዬ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ኳሱን፣ ያላነሳሁትን ስልክ፣ ዛሬ ላደርግ የነበረውን። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ “አባዬ?” አልኩ።

“የት ነህ?”

ነገርኩት።

“ገመዱን ፍታ። ከዚያ እንዳትነቃነቅ” አለና ዘጋው።

ሊመታኝ ይምጣ ሊወስደኝ አልነገረኝም። ከጅማ እዚህ ድረስ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ሁለት አይሱዙ አለፉ፤ ሾፌሮቹ ወገቤ ላይ ያለውን መጫኛ አይተው ፍጥነት ቀነሱ፣ ግን አልቆሙም። ቋጠሮው በጉሙ ረጥቦ ጠብቋል። ጣቶቼ እምቢ አሉኝ። አባዬ ይፈታዋል፤ ከመጣ።