ስለ ተወረሰው የዶሚኖ ሳጥናችን ለክቡር ዳይሬክተራችን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ዶክተር ሬይናልዶ ቪያማን
የወደባችን የኩላሊት እጥበት ማዕከል ዳይሬክተር
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ሁለቱም ኩላሊቶችዎ በየቦታቸው ሆነው ሌት ተቀን ሳይለግሙ እንዲያገለግሉዎት ከልብ እመኛለሁ። የእኔዎቹ ከስድስት ዓመት በፊት ሳያስፈቅዱኝ ጡረታ ስለወጡ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት እርስዎ በሚመሩት ቤት ከአንድ ማሽን ጋር አራት አራት ሰዓት ታስሬ አረፍዳለሁ። ስሜ ኔሪዮ ፓውሊኖ ይባላል፤ መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር የእኔ ነው። ሠላሳ ዓመት የቤዝቦል ዳኛ ሆኜ በሦስት ከተሞች ሕዝብ ስሰደብ ስለኖርኩ፣ ስለ ጭንቀት ጥቂት አውቃለሁ ብል ድፍረት አይሆንብኝም። ይህንን ደብዳቤ በማዕከሉ በርና በሰፈራችን ሱቅ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ ምስጋና በፖስታ ታሽጎ ቢቀር ስለሚያሳዝነኝ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ በሳንቶ ዶሚንጎ ከተሰጠዎት ሥልጠና በተመለሱ ማግስት፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለት ነው፣ «የጭንቀት መቀነሻ መርሐ ግብር» የሚል ማስታወቂያ በክፍላችን ለጥፈው፣ የምንጫወትበትን የዶሚኖ ሳጥን ጨዋታው ሳያልቅ ከነጠጠሮቹ ሰብስበው ወደ ቢሮዎ ወስደዋል። መርሐ ግብሩም ሐሙስ ዕለት ተጀምሯል። ለዚህ ሁሉ ውለታዎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ማስታወቂያው፦ ፊደሉ ትልልቅ ስለሆነ ያለመነጽር አንብቤዋለሁ። «ታካሚዎች በሕክምና ሰዓት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በፍጹም ዝምታ፣ በጥልቀት ይተነፍሳሉ» ይላል። አርባ ዓመት ለትምህርት ቤት ልጆች ምግብ ስታበስል የኖረችውና ከድስት ክዳን ዝቅ ባለ ድምፅ ተናግራ የማታውቀው ዶኛ ኢዳሊያ፣ ትእዛዝዎን አክብራ አራት ሙሉ ደቂቃ ሞክራለች። በአምስተኛው ደቂቃ፣ «ሰውዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በዝምታ የምተኛበት ሌላ ቦታ ተዘጋጅቶልኛል፤ ምን አስቸኮለው?» ብላ ጠይቃለችና መልስዎን እየተጠባበቀች ነው።

፪. ስለ ድምፅ ማጉያው፦ የተቀዳ የባሕር ሞገድና የምንጭ ውሃ ድምፅ ሳያቋርጥ እንድንሰማ ማድረግዎ ረቂቅ ሐሳብ ነው። ባሕሩ ራሱ ከመስኮቴ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ስላለ መስኮቱ ቢከፈት ሳይቀዳም ይሰማ ነበር፤ እሱ ይቅር። ነገር ግን እኛ ኩላሊታችን ውሃ ስለማያስወጣ የቀን ውሃችን በኩባያ የሚሰፈርልን፣ በቀትር ሐሩር አንዲት በረዶ እንደ ከረሜላ እየመጠጥን የምንውል ሰዎች ነን። ለእንዲህ ያለ ሰው አራት ሰዓት ሙሉ ምንጭ ሲንፎለፎል ማሰማት፣ ሲኦልን የሚያስተዳድሩት እንኳ እስካሁን ያላሰቡት ይመስለኛል። በዕድሜ ከሁላችን የሚያንሰው ባለሞተሩ ቺቾማ፣ «ሲስተር፣ ይኸን ወንዝ ካልዘጋችሁልኝ መርፌውን ነቅዬ ልዋኝ ነው!» እያለ ነበር።

፫. ስለ መጠይቁ፦ «ከአንድ እስከ አሥር ባለው መለኪያ ጭንቀትዎ ስንት ነው?» ለሚለው ዶኛ ኢዳሊያ አሥራ አራት ብላ ሞልታለች። ቺቾ ደግሞ «ወረቀቱን ሳላነበው ነው ካነበብኩት በኋላ?» የሚል ማብራሪያ ጠይቋል። የሦስታችንም የደም ግፊት በዚያው ሐሙስ ዓመቱን ሙሉ ደርሶበት ከማያውቀው ከፍታ ላይ ወጥቷል። እኔ የቀድሞ ዳኛ ስለሆንኩ ፍርድ አልሰጥም፤ መዝገቡን ያዩታል።

፬. ስለ ሳጥኑ፦ እዚህ ላይ እንድረዝም ይፍቀዱልኝ። አንድ አንድ እጃችን በሁለት መርፌ ከማሽኑ ጋር ተያይዞ መንቀሳቀስ ስለተከለከለ፣ ዶኛ ኢዳሊያ፣ ቺቾ፣ ዓሣ አጥማጁ ዶን ኤሊሴዮና እኔ፣ ሁለት ሁለት ሆነን የምንጫወተው ለአራታችን በተረፉን አራት እጆች ነው። ጠጠሮቻችንን ጉልበታችን ላይ ባለው የምግብ ትሪ እናቆማለን፤ ተራው የደረሰው የሚጥለውን ይጠራል፤ ሲስተር ዮካስታም ግፊታችንን ልትለካ ስታልፍ ጠጠሩን ተቀብላ በመሃሉ ጠረጴዛ ላይ ትደረድራለች። ዶኛ ኢዳሊያ ታጭበረብራለች። አንዴ ካሳለች ጓደኛዋ ቺቾ አምስት ይጥላል፣ ሁለቴ ካሳለች ባዶውን። እርስዎ ግን ሳሉን ሰምተው ሳንባዋን ራጅ አስነሥተውላታል፤ ስለ ትጋትዎ ዛሬም እናመሰግናለን።

ታዲያ አንድ ሕግ አለን፤ የመጨረሻውን ዙር በዕለቱ አንጨርስም። ሰዓቱ ሲያልቅ ሲስተር ዮካስታ በየእጃችን የቀረውን ጠጠር በየስማችን ፖስታ ውስጥ ከታ ታኖርልናለች፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ሕጉ የወጣው ከሁለት ዓመት በፊት፣ የዶን ኤሊሴዮ ባለቤት ቴልማ በሞተች ሰሞን ነው። መርፌው ተነቅሎለት ባርኔጣውን ካደረገ በኋላ፣ «በቃኝ። ከእንግዲህ እዚህ ወንበር ላይ አታዩኝም» አለን። ሐኪሙ መከረው፤ ሲስተር ዮካስታ አለቀሰችበት፤ እኔም የማውቀውን ቀልድ ሁሉ ጨረስኩ። ዶኛ ኢዳሊያ ብቻ ጠጠሮቿን ትሪው ላይ ደፍታ፣ «ሙት፣ ማን ከለከለህ? ግን የጀመርከውን ጨርሰህ ሙት! እኔ ከሬሳ ላይ ድል አልቀበልም!» ብላ ጮኸችበት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሊያሸንፋት መጣ። አሸነፋትም። በዚያው ሌላ ዙር ተጀምሮ ነበርና ከዚያ ቀጥሎም መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አልቀረም።

ትናንት ሐሙስ ቀረ።

መርፌው እንደተነቀለልን እኔና ቺቾ ክንዳችን በፋሻ እንደተጠቀለለ በቺቾ ሞተር ወደ ቤቱ በረርን፤ ሕዝቡ ከጦርነት የተመለስን መስሎት መንገድ ለቀቀልን። ዶን ኤሊሴዮን ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘነው፤ እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎታል። ለምን እንደቀረ ስንጠይቀው፣ «ምን ልሁን ብዬ ልምጣ? ወንዝ ላዳምጥ?» አለን። ቺቾ፣ «አባባ፣ ቅዳሜ በእግርህ ካልመጣህ እንደ ሙዝ ዘለላ ሞተሬ ላይ አስሬ ነው የምወስድህ!» ሲለው ፈገግ አለና፣ «ሳጥኑ ካለ እመጣለሁ» አለ። ሁለት ቀጠሮ በተከታታይ መቅረት ለእኛ ዓይነቱ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለሐኪም አላስተምርም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ጥቃቅን ጉዳዮችን የሚያዩበት ጊዜ ካገኙ፣ ሳጥናችን ነገ ቅዳሜ በር ሲከፈት በቦታው እንዲገኝ፣ ምንጩም ለእርስዎ ቢሮ ይበልጥ ስለሚስማማ እዚያው እንዲፈስ በትሕትና አመለክታለሁ።

በጥልቀት እየተነፈስኩ፣ ሆኖም ለጥንቃቄ አንድ ዓይኔን ብቻ ጨፍኜ፣ እጅ የምነሣዎት ታዛዥዎ፣

ኔሪዮ ፓውሊኖ
የመስኮቱ ወንበር

በተረፋቸው እጅ አብረውኝ የፈረሙ፦ ዶኛ ኢዳሊያ በቀኟ፣ ቺቾ በግራው።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስሙን ከማልጠቅሰውና መወልወያ ከማይለየው አንድ ወዳጃችን እንደሰማነው፣ ትናንት በምሳ ሰዓት የቢሮዎ በር ተዘግቶ በሳጥናችን ጨዋታ ለአራት ተጀምሮ ነበር። ሳቅዎም እስከ ግቢው በር ተሰምቷል አሉ፤ እዚህ ከተሾሙ የመጀመሪያዎ ነውና እንኳን ደስ ያለዎ። ነገር ግን ጠጠሩ ሲታደል ለፋርማሲስቱ ከሰባት ስድስት ብቻ ደርሶት «ተሰረቅሁ!» እያለ መጮሁን፣ ጨዋታ የሚከፍተው ድርብ ስድስት ከአራታችሁም እጅ መጥፋቱን፣ እርስዎም ተንበርክከው ጠረጴዛ ሥር እስከ መግባት መድረስዎን ስንሰማ አዘንን። አይድከሙ። ማክሰኞ ዕለት ትሪዎቻችንን ሲያራግፉ ዶን ኤሊሴዮ ነፃ እጁን ጨብጦ ነበር። አዲሱን ዙር ሊከፍት ተራው የእሱ ነበር፤ ድርብ ስድስቱ ዛሬም ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነው፤ ለማንም አልሰጥም ብሏል። ነገ ራሱ ይዞት ይመጣል። እርስዎ ሃያ ሰባቱን ይዘው ይጠብቁን።