በካራው ጀርባ የነበሩት ሦስት ጭረቶች

ለወንድሜ ለምስጋናው፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ባለቤትህ ሩሐማና ሕፃኗስ ደኅና ናቸው? የአዳማ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደኅና ነን። ሰላምታዬ ይኸው ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ቁጣ ነው።

በስልክ የለቀቅኸውን የካራውን ፎቶ አገር አየው። «የአባቶቼ ካራ ታደሰ» ብለህ ጽፈሃል። አንተ ሰው፣ ማን አድስልኝ አለህ? ለመስቀል መጥተህ «ዝጓል፣ አሠርቼ እመልሰዋለሁ» ስትል አባታችን እሺ ያሉህ ዝገቱን ብቻ የምትጠርግ መስሏቸው ነው። አንተ ግን ጫፉን አሹለህ፣ ጀርባውን በሞተር አስፍቀህ ግድግዳህ ላይ ሰቀልከው!

ስንቴ ተነገረህ? አጎታችን በግጦሽ ጠብ የእማማ መስታወትን ባል የገደለው በዚያ ካራ ነው። እርቁ ሲወርድ አባታችን ከእንግዲህ አይወጋም ብለው ጫፉን በድንጋይ ቀጥቅጠው አደነዙት። እማማ መስታወት ደግሞ በገዛ እጃቸው በሞረድ ሦስት ጭረት አወጡበት፤ አንዱ ለሟቹ፣ አንዱ ያለ አባት ለቀሩት ልጆች፣ ሦስተኛው ለተዉት በቀል። ስለቱ ወደ ውስጥ መጉበጡን እንኳ አባታችን «የያዘው ሰው አስቀድሞ ለራሱ እንዲፈራ ነው» ይሉ ነበር። አንተ ይህን ሁሉ ዝገት አልከው።

የእማማ መስታወት ልጅ ጌታሁን ፎቶውን አይቶ ትናንት መጣ። ተቀመጥ ብንለው አልተቀመጠም። ካራውን እንደገና የሳላችሁት ለማን ነው ብሎ አባታችንን ጠየቃቸው። ታናሻችን ዓለምብርሃንም ከዛሬ ጀምሮ ገበያ መውረዱን ትቷል።

የኅዳር ሚካኤል ደግሞ ደረሰ። እማማ መስታወት ዓይናቸው ከጠፋም በኋላ በየዓመቱ ቤታችን መጥተው፣ የካራውን ጀርባ በጣታቸው ዳብሰው፣ ሦስቱን ቆጥረው «አለ» ሲሉ ነው ሁለቱ ቤቶች አብረን ዳቦ የምንቆርሰው። ጌታሁን እስካሁን አልነገራቸውም። ልሙጡን ብረት ሲዳብሱ ምን ልንላቸው ነው?

በሰው እጅ እንዳትልከው። ራስህ ይዘኸው ና። ድንጋይ ተሸክመህ ደጃቸው ላይ ትወድቃለህ፣ ሞረዱንም ታቀብላቸዋለህ። ጭረቶቹን መልሰው ማውጣት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሺ ማለታቸውንም አላውቅም። ሥራ በዝቶብኛል ብለህ እንዳትጽፍልኝ!

ዓለምብርሃን ሰላም ብሎሃል። እናታችን ሩሐማን ሰላም በሉልኝ፣ ሕፃኗን ሳሙልኝ ብለዋል። አባታችንን ምን ልበልልዎ ብላቸው የካራውን አፎት ከምሰሶው አውርደው ደብዳቤው ላይ አስቀመጡት። አብሬ ልኬልሃለሁ። ባዶውን እንዳትመልሰው።

ታላቅ እህትህ ይታየሽ ደግሰው

ፃግብጂ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.