ጀርባው ያልተነሳ ማህደር

ሰኞ፣ ሰኔ 2። ከሰዓት።
የሠራተኞቹን ማህደር በፊደል እየደረደርኩ ሥ/አስኪያጁ አቶ ፍቅሩ ከች። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አንተ ነው፣ ንዴቴ ይውጣልኝ። ሁሉም ስካን ተደርጎ ኮምፒዩተር ገብቷል፣ ወረቀቱ በኪሎ ይሸጥ፣ በጀት ሳይዘጋ ክፍሉ ይለቀቅ ይላል። የማስወገጃውን ቃለ ጉባኤ የምፈርመው እኔ፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ። እሺ አልኩ። ሥልጣኔ ነው መቼም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4።
ማስታወሻዬ፣ ጉድ ስሚልኝ! ጽዳት ሠራተኛዋ እማማ ጫልቱ ጡረታ ሊወጡ ነው። ይህ ሰፈር የጤፍ ማሳ ሳለ እዚሁ ያደጉ ሴት። የቋሚነታቸውን ማስረጃ ኮምፒዩተሩ ላይ ብፈልግ፣ ማመልከቻቸው አለ፣ መልሱ የለም። ወረቀቱን አውጥቼ ገለበጥኩት። የድሮው ኃላፊ ምሪት በቀይ እስክሪብቶ፦ ቋሚ ሆነው ይቀጠሩ። ፊርማ፣ ቲተር፣ ማህተም። ሌላ ማህደር አነሳሁ። ያው! ስካን ያደረጉት ልጆች ፊት ፊቱን ብቻ ነው ያነሱት። አለቃ የሚወስነው ማመልከቻው ጀርባ ላይ እንደሆነ የነገራቸው የለም። እኔን ማን ጠየቀኝ?

ሐሙስ፣ ሰኔ 5።
ለአቶ ፍቅሩ አሳየሁት። ሲስተሙ ላይ ከሌለ የለም፣ አለኝ። እማማ ጫልቱስ? እንደ ጊዜያዊ ይቆጠራሉ፣ ይላል፣ ስልኩን እየነካካ! ጊዜያዊ ደግሞ ጡረታ የለውም። ደሜ ፈላ። ዕድሜ ልካቸውን ሽንት ቤቱን ያጠቡለት ሴት ባዶ እጃቸውን ይሂዱ? አያፍርም እንዴ ይሄ ሰው! ነገ መኪና ስለሚመጣ ፈርሚ ብሎኝ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ እማማ ጫልቱ ጠበቁኝ። ማስረጃዬ አለ አይደል ልጄ፣ ይሉኛል። አለ አልኳቸው።

አርብ፣ ሰኔ 6።
ከአራብሳ እስከ ሲኤምሲ አውቶቡስ ውስጥ እየፈራሁ መጣሁ። መኪናው ቆሟል። ወዛደሮቹ ጆንያ ይዘዋል። አቶ ፍቅሩ ሰው ሁሉ እያየ ቁልፉን አምጪ ይላል። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ፍርሃቴ ብን አለ። አንቱ እያልኩ፣ በትሕትና፣ እሺ አልኩት። ግን ንብረት የምሰጠው በርክክብ ነው። ኮሚቴ ይሰየም። ሉክ በሉክ፣ ፊትም ጀርባም ይቆጠር፣ በእያንዳንዱ ላይ ተረካቢው ይፈርም። መመሪያውን ያወጣው እሱ ራሱ ነው፤ ባለፈው ወር ለአንድ ስቴፕለር ሳይቀር ኮሚቴ አቁሞብኛል!

ፊቱ በርበሬ መሰለ። ሠራተኛው ሁሉ ዓይኑን ስለጣለበት ኮሚቴ ከመሰየም በቀር መውጫ አጣ። መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ማስጠንቀቂያ ጻፉባት ሲል ሰምቻለሁ። ይጻፉ።

ሰኞ ኮሚቴው ይቀመጣል። የምጀምረው ከእማማ ጫልቱ ማህደር ነው። ሁሉም እየሰማ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ መጀመሪያ ጀርባውን።