በባዶ ሆድ የተዋጠ ክኒን

መጋቢት 3፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬም ስግደቱን ጨረስሁ። የጉልበቴ ሕመም ዝም አለልኝ። የሕመም ማስታገሻ ክኒኗን ጧት ስወጣ እውጣታለሁ። ሐኪሙ ከምግብ በኋላ ብሎ ነበር፤ ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የለም። ሆዴን ያቃጥለኛል። ይቻላል።

ትናንት ሆ/ል ቀጠሮ ነበረኝ። አንዲት ነርስ ቅጽ ይዛ ጠየቀችኝ፤ ደረጃ መውጣት፣ ከወንበር መነሣት፣ እንቅልፍ። መጨረሻ ላይ በመድኃኒቱ ምን ያህል ረክተዋል አለችኝ። በጣም፣ አልሁ። እውነት ነው። ሦስት ዓመት ተቀምጬ የዘመርሁ መሪጌታ ዘንድሮ ቆሜያለሁ። ሆድዎን ያምዎታል ወይ ስትለኝ ግን የለም አልኋት። እንዳይከለክሉኝ።

መጋቢት 6፣ እሑድ

አያ ካሴ ከማኅሌት ስንወጣ ጠበቁኝ። የደብራችን ዕቃ ቤት ጠባቂ ናቸው፤ ከጭልጋ መጥተው እዚሁ አረጁ። ጉልበታቸው ከእኔም የባሰ ነው።

«ምነው መሪጌታ፣ እንደ ጎረምሳ ቆምህሳ?»

ስለ ክኒኗ ነገርኋቸው። አምስት ፍሬ ቆርጬ ሰጠኋቸው። ደብተሬ፣ መልካም የሠራሁ መሰለኝ።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

አያ ካሴ በትራቸውን ጥለው ይሄዳሉ። ሸጋ ነገር ነው፣ ጨምርልኝ አሉኝ። አምስት ጨመርሁላቸው። በምን ሰዓት እንደሚውጡት አልጠየቅሁም። የሚበሉት ማታ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ።

ዛሬ ጧት ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ አየሁት። የትናንቱ ኑግ ይሆናል።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

ኑግ ከቀመስሁ አራት ቀን። አሁንም ጥቁር ነው።

የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ጨለመብኝ። ባለቤቴ ሙሉ፣ «ፊትህ ገርጥቷል» አለችኝ። ጾሙ ነው አልኋት። ያመነችኝ መሰለኝ።

አያ ካሴ ዛሬ አልመጡም። በሠላሳ ዓመት ቀርተው አያውቁም። ቤታቸው ሩቅ አይደለም። አልሄድሁም።

መጋቢት 14፣ ሰኞ፣ ጧት 3 ሰዓት

አያ ካሴ ደም አስታወኩ። ሆ/ል ናቸው፣ ራሳቸውን አያውቁም። ልጃቸው ናት የደወለችልኝ። ሐኪሞቹ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ ብለው ሲጠይቋት፣ አባቴ ክኒን በአፉ ዞሮ አያውቅም ብላ ማለችላቸው። ጸልይልን አለችኝ።

እሺ አልሁ። ስልኩን ዘጋሁ።

4 ሰዓት

ለሙሉ ነገርኋት። ቆማ ነበር፣ ተቀመጠች።

«ስንት ሰጠሃቸው?»

«ዐሥር።»

«አንተስ ምን ሆነሃል?»

ስለ ጥቁሩ ሰገራም ነገርኋት። አላለቀሰችም። ነጠላዋን አንሥታ ባጃጅ ልትጠራ ወጣች።

የጾመ ድጓውን ዜማ ዛሬ ሌላ ይምራ። ሐኪሙ ዘንድ ገብቼ ሁለቱንም እነግራለሁ፤ ለአያ ካሴ የሰጠሁትን፣ ከነርሷ የደበቅሁትን። ልጃቸውም ሆ/ል በር ላይ ትሆናለች። ፊቷን እያየሁ እነግራታለሁ። በሕይወት እደርስባቸው እንደሆነ አላውቅም።

ባጃጁ መጣ። ሙሉ ትጣራለች። ልነሣ ስል ጉልበቴ አላመመኝም፤ ግድግዳው ግን ዞረብኝ።