ወናፉ አይፈታ

ላስ ቬጋስ፣ ኅዳር 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለአቶ ይማም
ቢስቲማ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

አባባ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ብርድ ሲገባ እንደሚብስብዎ ስለማውቅ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነው። ቅባቱን ሰኢዳ ማታ ማታ እንደምትቀባዎ አምናለሁ፤ ካልቀባችዎ ደግሞ ይህን ስታነብልዎ እዚህ ላይ ትፈር። እኔ በአላህ ቸርነት ደህና ነኝ። ሥራዬ ያው ስትሪፕ በሚሉት ጎዳና ላይ ባለው ትልቅ ሆቴል ነው፤ በጃፓን ምግብ ቤቱ ውስጥ የማድ ቤቱን ቢላዋ ሁሉ የምስለው እኔ ነኝ።

ስለ ሰኢዳ ጋብቻ የላኩልኝ ቃል ደርሶኛል። የልጁ ወገኖች «ልጅቷን ወደናታል፤ ነገር ግን ኒካሕ ከመታሰሩ በፊት የእሳት ማናፈሻው ወናፍ ይፈታ፣ የብረት መቀጥቀጫው መስፍም ከግቢ ይውጣ» ማለታቸውን ሰማሁ። እርስዎም «የታላቅ ልጄን ቃል ሳልሰማ አልመልስም» ብለው ሽማግሌዎቹን ማቆየትዎን ሰማሁ። ቃሌን መፈለግዎ አኮራኝ፤ እንቅልፍም ነሣኝ። በአንድ በኩል የእህቴ ትዳር፣ በሌላ በኩል የእርስዎ ዕድሜ ሙሉ ሥራ አለ። ጽፌ የቀደድኩት ወረቀት ብዙ ነው። አሁን ግን መልሴ ጸንቷል፤ ከየት እንደመጣም ላስረዳዎ።

የማድ ቤታችን አለቃ ሼፍ ሞሪታ የሚባሉ ጃፓናዊ ናቸው። በየዓመቱ ቢላዋ ለማሠራት ሳካይ ወደምትባል ያገራቸው ከተማ ይሄዳሉ። በነሐሴ «አንተም ተነሣ፤ የምትስለው ነገር ሲወለድ ካላየህ ግማሽ ሠራተኛ ነህ» ብለው ይዘውኝ ሄዱ።

ሃማጉቺ ወደሚባሉት ሽማግሌ አንጥረኛ ቤት ስንገባ በጠራራ ፀሐይ በሩም መስኮቱም ተዘግቶ ነበር። ምክንያቱን እያወቅሁት ሼፍ ሞሪታን «ለምን ዘጉት?» አልኳቸው። «ብርሃን ከገባ የጋለው ብረት ቀለሙ አይለይም» አሉኝ። አባባ፣ የዚያን ጊዜ ቤታችን ትዝ አለኝ። እኛም በራችንን ስንዘጋ ሰፈሩ ምን እንደሚል ያውቃሉ፤ «ይማም ከጂን ጋር ሊመክር ነው» ይሉ ነበር። እርስዎም አንድ ቀን ወጥተው «የብረቱን ቀለም ለማየት ነው» አላሉም።

ሃማጉቺ ለስላሳውን ብረትና ጠንካራውን ብረት በእሳት አጋጥመው አንድ ያደርጋሉ፤ እርስዎ ከመኪና ባሌስትራ የቆረጡትን ብረት በማጭድ አፍ ላይ እንደሚያጣብቁት ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እሳቸው የሚሠሩት መቀጥቀጡን ብቻ ነው። ስለቱን የሚያወጣው ሌላ ቤት ያለ ባለሙያ ነው፤ እጀታውን የሚገጥመውም ሌላ ነው። የአንጥረኛ ልጅ መሆኔን ሲሰሙ መዶሻውን ሰጡኝና «ምታ» አሉኝ። መታሁ። ጥቂት አዩኝና አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሼፍ ሞሪታ እየሳቁ «ትቸኩላለህ ይሉሃል» ብለው ተረጎሙልኝ። እርስዎ የነገሩኝን ለመስማት ባሕር ተሻግሬ መሄዴ እኔንም አሳቀኝ።

በምሳ ሰዓት ሃማጉቺ በጥላሸት እንደ ጠቆርን ወደ አንዲት ጠባብ ራመን ቤት ወሰዱን። ራመን ማለት ቀጭን ረጅም የስንዴ ሊጥ ተቀቅሎ በትኩስ መረቅ የሚቀርብ ምግባቸው ነው። ብዙ ቦታ በአሳማ አጥንት ስለሚሠራ ፈርቼ ነበር፤ ሼፍ ሞሪታ ግን አስቀድመው ጠይቀው የደረቀ ትንንሽ ዓሣ መረቅ ያለበትን ቤት መርጠውልኛል። ባሕር ባሕር ይላል፤ ላዩ ላይ የሽንኩርት ቅጠል ተከትፎበታል። አባባ፣ ሲበሉ ድምፃቸው! እርስዎ ቢሰሙ «ከብት ውሃ ወረደ እንዴ?» ይሉ ነበር። እኔ ግን ዝም ብዬ ብበላ «አልጣፈጠህም?» እያሉ አስጨነቁኝ።

ልነግርዎ የፈለግሁት ግን ከምግቡ በፊት የሆነውን ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ረጅም ጠረጴዛና የተደረደሩ ወንበሮች ብቻ ነው። እኔ ሳላስበው ከዳር ሄጄ ተቀመጥኩ፤ በእኔና ባጠገቤ ባለው ሰው መካከልም አንድ ወንበር ባዶ ተውኩ። ሠርግ ቤት ስንጠራ የእኛ ገበታ በበሩ በኩል ለብቻው እንደሚቀርብ ያስታውሳሉ፤ ጥላሸት በነካኝ ቀን ከሰው መራቅ ለሰውነቴ ልማድ ሆኗል። በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ባለቤቲቱ ጭልፋዋን ይዛ ጮኸችብኝ፤ ቤቱም ሳቀ።

«ምን አለች?» አልኳቸው ሼፍ ሞሪታን።

«ወንበሯ ምን በደለችህ? ለማን ነው የያዝካት? ነው የምትለው።»

«ጥላሸት አለብኝ፤ ሰው እንዳላቆሽሽ ብዬ ነው።»

ይህ ሲተረጎምላት ጭልፋዋን ወደ ሃማጉቺ አንገት ቀስራ «እዚህ ቤት ጥላሸት ከእሳቸው በላይ ያለበት ማን ነው? ተጠጋ!» አለች። ተጠጋሁ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ የትምህርት ቤት መምህር ከበሩ መጥቶ ትከሻው ትከሻዬን እየነካ ተቀመጠ፤ ሸሚዙን ላፍታም አላየውም፤ ሽንኩርቱን ብቻ ወደ እኔ ገፋልኝ። በቀሩት ቀናት በየሄድንበት ከተማ ራመን ቀምሰናል፤ አንዱ ጨው ብቻ ነበር፤ አንዱ ግን በዶሮ የተሠራ ነው ስላሉኝ፣ የሙስሊም እርድ ስላልሆነ ተውኩት። በጣዕም ግን ያችን ቤት የሚያክል አላገኘሁም።

ጃፓን ጀነት ናት አልልዎትም። የሃማጉቺ ልጅ መዶሻውን አልፈልግም ብሎ ባንክ ቤት ገብቷል። ሽማግሌው ግን መስፉን ማንም አላስነሣቸውም።

ከዚያ ተመልሼ ብዙ አሰብኩ። እርስዎን «ጽኑ» ከማለቴ በፊት እኔ እዚህ የሸሸግሁትን ሙያችንን መናገር እንዳለብኝ ተረዳሁ። የኢድ ቀን የታክሲ ሹፌሩ ከሊፋ የወሎ ልጆችን ሁሉ ቤቱ ጠርቶ ነበር። በገበታ ላይ ቀልዱን ጀመረ።

«እስቲ ሙአዊያ፣ ጃፓን ሄደህ ምን ሠራህ? ካራቴ ተማርክ?»

«ብረት ቀጠቀጥኩ» አልኩት።

«አንተ? ማን አስተምሮህ?»

«አባቴ። አባቴ ቢስቲማ ውስጥ ባለ እጅ ነው፤ አያቴም እንደዚሁ።»

ከጎኔ ሐጂ ሙጃሂድ ነበሩ፤ ከመጣሁ ጀምሮ እንደ ልጅ ያዩኝ፣ በየጁምዓው ቤታቸው የሚወስዱኝ ሰው ናቸው። እጃቸውን ከገበታው አነሡና «የሥራ ሺፍት አለብኝ» አሉ። ለኢድ ብለው ፈቃድ መውሰዳቸውን ጧት ራሳቸው ነግረውን ነበር። ልጃቸው ሉባባ ሻይ ይዛ ቆማ ነበር፤ ትሪውን አስቀመጠችና ተከተለቻቸው። በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር ብላ አየችኝ። ከሊፋ ሁላችንንም አየና «ምን ትጠብቃላችሁ? ሥጋው ቀዘቀዘ! አንተም ብላ፤ የሐጂንም ድርሻ የምትጨርሰው አንተ ነህ» አለኝ። ሌሎቹ እጃቸውን መለሱ፤ በላን።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው፤ ወናፉ አይፈታ፣ መስፉም ከቦታው አይነሣ። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ምሳ ይቅረብላቸው፤ እርስዎም አብረው ከአንድ ገበታ ይቀመጡ። የማይበላ ሰው ወናፉ ቢፈታለትም ነገ ሰኢዳን በልጆቿ ፊት የቀጥቃጭ ልጅ ማለቱ አይቀርም። ብቻ አይቆጧቸው አባባ፤ ድምፅዎን ከፍ ሲያደርጉ ደምዎ ይነሣል።

ሰኢዳ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ለአንቺ ነው፤ ሳትዘልይ ጮክ ብለሽ አንብቢው። በስልክ «እኔ ምን አለኝ፤ አባባ ያሉት ይሁን» ብለሽኝ ነበር፤ ትንፋሽሽን ግን ሰምቼዋለሁ። ልጁን ከልብሽ ወደሽው ከሆነ እኔ መንገድሽ ላይ አልቆምም፤ አባባም አይቆሙም። ነገር ግን ሽማግሌ አይላክ። ልጁ ራሱ ይምጣ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ የነፋሽውን ወናፍ አባባ ተቀምጠው እያዩት፣ አንቺም ቆመሽ እያየሽው፣ በገዛ እጁ ይፍታው። እጁ እሺ ካለው አግቢው፤ እሺ ካላለውም አግቢው፤ ራሱ መምጣቱ ይበቃል። ሌላ ሰው ልኮ ሊያስፈታው ከፈለገ ግን አንቺ ራስሽ መልሺለት።

አባባ፣ ስለ እኔ አይጨነቁ። ሐጂ ሙጃሂድ ከኢድ ወዲህ ስልኬን አላነሡም፤ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል። ጁምዓ ጁምዓ አሁን ከከሊፋ ጋር ነው የምሄደው። ከፈጅር በኋላ ዱዓ ሲያደርጉ ግን ሉባባ ሙጃሂድ የምትባል እህትን ያስቡልኝ። የነርስነት ፈተና ስላለባት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

አላህ ጉልበትዎን ያበርታ፣ ዓይንዎን ከእሳቱ ይጠብቅ፣ ቤታችንን በሰላም ይሙላ።

ልጅዎ
ሙአዊያ ይማም